«ቲቶታል»፦ በራስ ላይ የተጣለ ገደብ ታሪክ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አልኮል በመጠኑ የሚቀምሰውን ሰው «አብስቲሚየስ» ይሉታል። ጨርሶ አፉ የማያስገባው ግን «ቲቶታል» ነው። ብዙዎች ይህ ቃል «ቲ» ከሚለው የሻይ ስም የመጣ ይመስላቸዋል፤ ከሻይ ጋር ግን ዝምድና የለውም። «ቶታል» ሙሉ ማለት ነው፤ ፊቱ ላይ የገባው «ቲ» የራሱ የመጀመሪያ ፊደል ለማጠንከሪያ ተደግሞ ነው። እኛ «ጨርሶ አልጠጣም» ስንል «ጨርሶ»ን ረገጥ እንደምናደርገው ማለት ነው።

ቃሉ ስም ያገኘው በሰሜን እንግሊዟ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ በፕሬስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 መንግሥት ሕዝቡን ከጂን ለማራቅ ብሎ፣ ሁለት ጊኒ የከፈለ ግብር ከፋይ ሁሉ ቢራ እንዲሸጥ ፈቀደ። ስካርን የሚቃወሙት ማኅበራትም በአብዛኛው የሚያወግዙት ጠንካራውን አረቄ ብቻ ነበር። ቢራ እንደ ምግብ ይቆጠር ነበርና ማንም አልነካውም።

ይህ ያልተዋጠለት የአይብ ነጋዴው ጆሴፍ ሊቭሲ ነው። በ1832 እሱና ስድስት ባልንጀሮቹ ቢራንም ጭምር ላለመጠጣት ፈረሙ። በዓመቱ ሪቻርድ ተርነር የተባለ፣ ከስካር የተመለሰ ሠራተኛ በስብሰባ መሐል ተነሥቶ ግማሽ መንገድ እንደማያዋጣና «ቲቶታል» መሆን እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ተንተባትቦ ነው ያሉም አሉ። ቃሉ ግን ጸና፤ ዛሬ የመቃብሩ ድንጋይ የቃሉ ባለቤት ይለዋል።

እነዚህ ሰዎች የፈረሙት በየራሳቸው ላይ ነበር። ሊቭሲ ጎረቤቱን ሊያሳምን ሲፈልግ ፖሊስ አልጠራም፤ ቢራ አፍልቶ መንፈሱን ለይቶ በሰው ፊት በእሳት እያነደደ «ምግብ የምትሉት ይህን ነው» ለማለት ሞከረ።

ተከታዮቹ ግን ትዕግሥት አጡ። በ1853 የመጠጥ ንግድን በሕግ ለማስቆም የቆመ ማኅበር በማንችስተር ተመሠረተ። አሜሪካ ደግሞ በ1919 ክልከላውን የሕገ መንግሥቷ አካል አደረገችው። መጠጡ አልጠፋም፤ ወደ ጓዳ ገባ፤ ገንዘቡም የወንበዴዎች ሆነ። ክልከላው የተሻረው በታኅሣሥ 1933 ነው፤ ተርነር ቃሉን በተናገረ ልክ በመቶ ዓመቱ።

ሰባት ሰው በፈቃዱ ፈርሞ የጀመረውን፣ መንግሥት በሕገ መንግሥት አስገድዶ አልጨረሰውም። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የሚነገረውም ገደቡን ራሱ ላይ ለጣለ ሰው ነው።