አረንጓዴው ፊልም ስንት ሊትር ናፍታ ጠጣ?

ዛሬ የማወጋችሁ ታሪክ የንጉሥም የጦርነትም አይደለም። የድርጅት ፊልም ታሪክ ነው። አዎ፣ ያ ባንኩ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ፋብሪካው ሲመረቅ፣ ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ የሚሠራው ፊልም! ከጀርባው ዋሽንት የሚነፋበት፣ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛቸው ላይ ባንዲራ አስቀምጠው የሚናገሩበት። ሐዋሳ የተቀረጸ ከሆነማ መክፈቻውን ሳታዩት ታውቁታላችሁ። ድሮን ከታቦር ተራራ ይነሣል፣ ሐይቁ ከነጀልባዎቹ ይታያል፣ አሞራ ገደል ይከተላል፣ ከዚያ ወፍራም ድምፅ «ለአካባቢ ተስማሚ የሆነው ድርጅታችን…» ይላል።

የኔ ጥያቄ አጭር ናት። ፊልሙ ራሱ ሲሠራ ለአካባቢ ተስማሚ ነበር ወይ? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ቀረጻ ማለት የፊልም ጥቅል ማለት ነበር። የፊልም ጥቅል ደግሞ ንጹሕ ዕቃ አይደለም። ላዩ ላይ የተቀባው የብር ውህድ ነው፤ ሲታጠብ ብሩም ኬሚካሉም ከውሃው ጋር ይወጣል። ሆኖም አንድ በጎ ጠባይ ነበረው፦ ውድ ነበር! 400 ጫማ ርዝመት ያለው የ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል የሚይዘው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራማኑ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ያስባል፣ ዳይሬክተሩም ምን እንደሚፈልግ አውቆ ይመጣል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም የቀረጸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ቁጠባ ግን ለአካባቢ ከማሰብ የመጣ አልነበረም፤ ኪስ ያስተማረው ነው።

ቀጥሎ ቴፕ መጣ። እጥበቱ ቀረ፣ ኬሚካሉም ቀረ፤ በምትኩ የፕላስቲክ ካሴት በየመደርደሪያው ተከመረ። ካሴቱ ላይ ደጋግሞ መቅዳት መቻሉ ቁጠባ ይመስል ነበር። ነገር ግን የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ፕሮግራሞቹን እየደመሰሰ ቴፑን መልሶ ሲጠቀም ቆይቶ፣ የጠፋውን ፍለጋ ዓመታት ፈጅቶበታል። ቁጠባ ሁሉ ቅዱስ አይደለም ማለት ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ዲጂታል ካሜራ መጣና ቀረጻ እንደ ውሃ ረከሰ። ዛሬ ለአምስት ደቂቃ ፊልም ቀኑን ሙሉ ይቀረጻል። «ለማንኛውም እንያዘው» የሚባል ነገር ተፈጠረ። ለማንኛውም ተብሎ አንድ ቀን ይጨመራል፤ አንድ ቀን ሲጨመር ሆቴሉ፣ ነዳጁና አበሉ ይጨመራል። ኬሚካሉ ከጓዳ ጠፋ፣ ጭሱ ግን ወደ መንገድ ወጣ።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ ኩራቱ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም መሆኑ ነበር። ይህ ለወግ የተደረገ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የገባ መርዝ መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወዲህ በከተማችን «አረንጓዴ» የሚለው ቃል የድርጅት ፊልም ሁሉ ማጣፈጫ ሆነ። ፋብሪካውን አረንጓዴ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀ ብዙ ነው። ካሜራውን የጠየቀው ግን የለም።

እኔ በአንድ ወቅት ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያወራ የድርጅት ፊልም (የማን እንደሆነ ይቅርብን) ሲቀረጽ ለረዳትነት ተጠርቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ሁለት ላንድክሩዘር መጣ። ግቢው ውስጥ መብራት አለ፣ ሶኬት አለ፤ ጄኔሬተሩ ግን ከጧት እስከ ማታ ሲያጓራ ዋለ። ድምፅ ቀጂው በጄኔሬተሩ ጩኸት ተማረረ እንጂ ስለ ጭሱ ያነሣ ሰው አልነበረም። ማታ ላይ ባዶ ሃይላንዱ ተሰብስቦ ጆንያ ሞላ።

እስቲ በግምት እናስላው። አዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ላንድክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍታ ይጠጣል ብንል፣ ሁለቱ 132 ሊትር ፈጁ። አንድ ሊትር ናፍታ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ 350 ኪሎ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል የሚፈጅ ጄኔሬተር ደግሞ በአሥር ሰዓት 15 ሊትር፣ ማለትም 40 ኪሎ ያህል ይጨምራል። አያችሁ? የሚጮኸው ጄኔሬተሩ ነው፤ ብዙውን የበላው ግን ዝም ብሎ ጥላ ሥር የቆመው መኪና ነው!

ጄኔሬተር የማምለክ ልማዳችን ከየት መጣ ቢባል፣ መብራት ስለማይታመን ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ አገሩ በሙሉ በፈረቃ ሲበራ የነበረውን ማን ይረሳል? ያም ሆኖ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። ብዙ አገሮች በሶኬታቸው ውስጥ የድንጋይ ከሰል አለ፤ በኛ ሶኬት ውስጥ ያለው ውሃ ነው። የድሮው የቀረጻ መብራት አንዱ 800 ዋት ይጎትት ነበር፤ ሦስቱ ሲበሩ 2,400 ዋት። አሁን ኤልኢዲው በ100 ዋት ገደማ ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጣል። ሦስቱን በባትሪ ማብራት ይቻላል፤ ባትሪውም ሌሊት መብራት ሲኖር ይሞላል። ጄኔሬተሩ ለክፉ ቀን ይቀመጥ እንጂ የዘወትር እንጀራ አይሁን።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2011 በፊልም አካዳሚያቸው ባፍታ በኩል «አልበርት» የተባለ አሠራር ጀምረዋል። አዘጋጁ ጉዞውን፣ ነዳጁን፣ ሆቴሉን አስገብቶ ቀረጻው ምን ያህል ካርቦን እንደሚለቅ ያሰላል። እኛ ለዚህ ውስብስብ ነገር አያስፈልገንም። ፊልም የሚያሠራው ድርጅት በውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ «ስንት መኪና፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ቀን?» ፋብሪካው ፍሳሹን እንደሚለካው፣ ፊልም ሠሪውም ናፍታውን ይለካ።

ያን ጊዜ የሚመጣው መልስ ግልጽ ነው፦ ከከተማው ሰው ቅጠር። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተምራል። ካሜራ ይዘው ከቅዳሜ እስከ እሑድ ሠርግ ቀርጸው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ሞልተዋል። እነሱ ቀረጻ ቦታ በባጃጅ ይደርሳሉ። «የአዲስ አበባዎቹ ልምድ አላቸው» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ዳይሬክተሩ በአውቶቡስ ይምጣ፣ ልምዱንም ያካፍለን። ካሜራው፣ መብራቱና ረዳቱ ግን እዚሁ አለ። ልምድ የሚገኘው በመሥራት ነው፤ ሥራው ሁሌ በላንድክሩዘር ከመጣ የሐዋሳ ልጅ ልምድ የሚያገኘው መቼ ነው?

አሁን ወደ ቴፑ ነገር ልመለስ። የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ለማስወጣት መወሰኑን ተከትሎ፣ ትልቁ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሐዋሳን ለመልቀቅ ወሰነ። የእሱ ስም የገባበት የፓርኩ ፊልም ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ። ሐይቁ፣ የፍሳሽ ማጣሪያውና በጧት ወደ ሥራ የሚጎርፉት ሴቶች ምስል ግን አላረጀም። በወጉ የተቀመጠ ቀረጻ ካለ ግማሹ ፊልም ያለ መኪና ይሠራል። ከሌለ ያው ሐይቅ፣ ከዚያው ተራራ፣ በአዲስ ናፍታ እንደገና ይቀረጻል። በተጨማሪም የከተማችን ታሪክ በአንድ ሰው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቶ፣ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ፊልሙ ስለ አረንጓዴ ማውራቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ድሮኑ ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ስታዩ፣ ከካሜራው ጀርባ ምን እንደቆመ ጠይቁ። ሐይቃችን መውጫ የለውም፤ ልጆቹ ግን ሥራ ካጡ መውጫው ያው የአዲስ አበባ መንገድ ነው።