ማስረጃ ሳይበቃ ሲቀር ዳኛ ምን ይፈርዳል? ከጅቡቲ ወደብ ክርክር የሚገኝ ትምህርት

የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚቋጨው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው? የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2001 ላይ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። እንግዲህ ከሳሹ ካላስረዳ፣ ተከሳሹ ዳኛውን «ማስረጃው አይበቃም፤ ክሱ ይውደቅ» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። በእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ችሎት ግን የከሳሹ ማስረጃ እንዳበቃ ይህን የሚጠይቅ ተከሳሽ አብዛኛውን ጊዜ «የራሴን ምስክር አላሰማም» ብሎ መምረጥ ይኖርበታል። ጥያቄው ካልተሳካለት ሳይከላከል ሊረታ ይችላልና ምርጫው ከባድ ነው።

ይህን ደንብ ከአገራችን የባሕር በር ጋር ከተያያዘ ጉዳይ ጋር እናገናዝበው። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የዚያን ጊዜ የጅቡቲ ወደቦችና ነፃ የንግድ ቀጠና ባለሥልጣን ሊቀ መንበር አቶ አብዱራህማን ቦሬህ ነበሩ። በኋላ ከፕሬዚዳንት እስማኤል ኦማር ጌሌ ጋር ተቃርነው ከአገር ወጡ። የጅቡቲ መንግሥትም በ2012 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። የክሱም ፍሬ ነገር ከነዳጅ ማከማቻውና ከዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ሥራዎች በሥልጣናቸው ተጠቅመው በስውር ጥቅም አግኝተዋል የሚል ነበር።

ከሳሹ በ2013 እ.ኤ.አ. የተከሳሹ ሀብት እንዲታገድ ሲጠይቅ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ ተከሳሹ በጅቡቲ በሌሉበት በሽብር ወንጀል የተፈረደባቸው መሆኑ ነበር። ያ ፍርድ የተደገፈው በተቀዱ የስልክ ንግግሮች ላይ ሲሆን፣ ንግግሮቹ በመጋቢት 5 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከቦምብ ጥቃቱ በማግሥቱ፣ እንደተደረጉ ተገልጦ ነበር። ሲጣራ ግን ንግግሮቹ የተደረጉት በመጋቢት 4፣ ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት ነው። ገና ስላልተፈጸመ ነገር «ተፈጸመ» ብሎ የሚናገር ሰው የለምና፣ ማስረጃው በአንድ ቀን ልዩነት ፈረሰ። ዳኛ ጁሊያን ፍሎ ፍርድ ቤቱ መሳሳቱን አረጋግጠው በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. እግዱን አነሡ።

ዋናው ክስ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሙሉ ክርክር ከተሰማ በኋላ፣ ዳኛው በመጋቢት 2 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ክሱን በሙሉ ውድቅ አደረጉት። የዶራሌን ወደብ ውል ከያዘው የዱባይ ኩባንያ ጋር የነበረው የግልግል ዳኝነትም በ2017 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱን ክስ አልተቀበለም። በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ወደቡን በራሱ ሥልጣን ተረከበ፤ ክርክሩም በሌላ መልክ ቀጠለ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ከሳሹ መንግሥት ቢሆንም እንኳ የማስረዳት ሸክሙ አይቀልለትም። አቤቱታው ከባድ በሆነ መጠን ማስረጃውም ጠንካራ መሆን ይገባዋል። ሁለተኛው፣ «አልተረጋገጠም» የሚለው ፍርድ ተከሳሹ ፈጽሞ ጥፋት የለበትም ብሎ ከመመስከር ይለያል፤ ፍርድ ቤቱ የሚናገረው በፊቱ ስለቀረበው ማስረጃ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሕዝብ ዳኛው ያልፈረደውን በአደባባይ ይፈርዳል።

የታሪክ ተማሪም እንደ ዳኛ ሰነዱ የተጻፈበትን ቀን ሊመረምር ይገባዋል። መምህራን ይህን ጉዳይ በክፍል ቢያነሡ ተማሪዎችን ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ አድርገው በመክፈል፣ የስልኩ ንግግር ቀን ከመታወቁ በፊትና በኋላ እንዲፈርዱ ያድርጓቸው። የሁለቱ ፍርዶች ልዩነት ስለ ማስረጃ ዋጋ ከብዙ ገለጻ ይበልጥ ያስተምራቸዋል።