ጌታው አስከሬኑን ቢከለክልስ?

ሮም ሲባል ቄሳርና ጦር ብቻ አይታወሳችሁ። ከሮም ብዙም በማትርቀው በላኑቪየም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ133፣ በዲያናና በአንቲኖስ ጣዖታት ስም እድር መሳይ ማኅበር ተቋቋመ። ከአባላቱ መካከል ባሪያዎችም ነበሩ። ደንቡ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ለእኛ ደርሷል።

መግቢያው 100 ሴስተርስና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ጠጅ ነው፤ በየወሩ ደግሞ አስ የሚባለው ሳንቲም 5 ይዋጣል። አባል ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርስ ይወጣል፤ ከዚሁ ላይ 50ው ለቀባሪዎች ይከፋፈላል።

ክፉ ጌታ የባሪያውን አስከሬን «አልሰጥም» ቢልስ? ደንቡ ይህንንም አስቦበታል፦ አስከሬኑ ባይገኝም በምስሉ የቀብር ሥርዓት ይፈጸምለታል። በቁሙ የሌላ ሰው ንብረት ለነበረ ሰው፣ ያቺ ወርኃዊ ሳንቲም ጌታው ሊከለክለው የማይችል ስንብት ገዛችለት።