«ሜዲካል ወደቅሁ» (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ታሪክ)



እዚህ ፉሪ ዓረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረ ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም። ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ቲቸር፣ ሜዲካል ወደቅሁ። የጉበት ቫይረስ አለብሽ አሉኝ። በቃ አለቀልኝ?» እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያ ወረቀትም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ቶሎ አይደነግጥም።

ድሮ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባል ነበር፤ የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ነው ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1965 ግን አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያልታወቀ ፕሮቲን ማግኘታቸውን አሳወቁ። በኋላ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የውጭ ልባስ መሆኑ ታወቀ። በ1976 ኖቤል ተሸለሙበት። ዛሬም ሜዲካል ላይ የሚፈለገው ያው ልባስ ነው። ተገኘ ማለት ቫይረሱ አሁን ደም ውስጥ አለ ማለት ነው።

የኤች አይ ቪ ምርመራ በ1985 ሲመጣ ግን የፈለገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነበር። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተመዘገቡት በ1986 ነው። በ1984 ተቀድቶ የተቀመጠ ደም በኋላ ሲመረመር ግን ቫይረሱ ያኔም እንደነበረ ታወቀ። አንቲቦዲ ለመታየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ለዚህ ነው «ከ3 ወር በኋላ ድገም» የሚባለው። ለሠርግ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» የሚል ሰው ይቺን አይርሳ።

ሄፓታይተስ ሲ የተለየው በ1989 ነው። የእሱም የመጀመሪያ ምርመራ አንቲቦዲ ፈላጊ ነው፤ የዳነ ሰው ደም ውስጥም ይቀራል። ስለዚህ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳይ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልገዋል። ካለም በወራት ውስጥ የሚያድን ክኒን አለው።

ከእኛ ብዙ በማይርቀው አቃቂ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከ1997 ጀምሮ የቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞች በኢትዮጵያና በሆላንድ የጋራ የኤድስ ጥናት በየ6 ወሩ ደም ይሰጡ ነበር። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ሠራተኞች የሲዲ 4 ቁጥር ከሆላንዳውያን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የታመሙ ሆነው አይደለም፤ «ኖርማል» የተባለው መለኪያ የወጣው ከሌላ ሕዝብ ደም ስለነበረ ነው። ቁጥር ብቻውን አይፈርድም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሜዲካል የሚመልሰው «ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ስለ ጉበትሽ ሁኔታ ገና ምንም አልነገረሽም። ሄፓታይተስ ቢ በጉልምስና ከያዛቸው ጤነኛ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ያጠፉታል። ከ6 ወር በኋላም ካለ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ያኔም በሐኪም ክትትል፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት ብዙ ዓመት ይኖራል። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ ነው። በጉርሻ አይተላለፍም፤ ማዕድ አትለዩ!

ክትባቱ ለአገራችን ሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ናችሁ። ተመርመሩ፤ ከሌለባችሁ ተከተቡ።

ቤተሰብ ተበድሮ ፕሮሰስ አስጀምሮ ልጅቷ ስትወድቅ ኀፍረቱ ከበሽታው በላይ ይጎዳታል። «ወደቀች» የምንለውን ቃል ራሱ ብንተወው ደስ ይለኛል። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ፍራሽ ሥር አትደብቁት።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ። ሰላም ዋሉ!