ማኅበራዊ ቤትና የነዋሪዎች አጋርነት፦ የጊያ ደሴት ተሞክሮ

ማኅበራዊ ቤት ከገበያ ዋጋ በታች በሆነ ኪራይ ወይም ሽያጭ፣ በዋናነት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ዜጎች የሚቀርብ መኖሪያ ነው። ቤቱ ከዓመታት በኋላም የነዋሪውን አቅም ያገናዘበ ሆኖ መቆየቱ የሚወሰነው መሬቱ በማን እጅ እንደሆነና የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ነው። የስኮትላንዷ ጊያ ደሴት ተሞክሮ ይህንን በግልጽ ያሳያል።

የባለቤትነት ለውጥ

በምዕራብ ስኮትላንድ የምትገኘው ጊያ ለረጅም ዘመን በግል ባለርስቶች እጅ ስትሸጥና ስትለወጥ ኖራለች። አብዛኛው ነዋሪ የባለርስቱ ተከራይ በመሆኑ የቤቱ ይዞታ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። በደሴት ላይ ደግሞ ቤት ያጣ ሰው ወደ ጎረቤት ሰፈር አይዛወርም፤ ባሕር ተሻግሮ ደሴቲቱን ለቆ ይሄዳል። በእ.ኤ.አ. 2001 የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቹ ቁጥር 110 ብቻ ነበር።

ነዋሪዎቹ ባቋቋሙት ባለአደራ ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ደሴቲቱን ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ገዙ። ገንዘቡ በአብዛኛው የተገኘው ከሕዝብ ፈንድ ሲሆን፣ 1 ሚሊዮን ፓውንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚመለስ ነበር። የባለርስቱን ትልቅ መኖሪያ አቻሞር ሃውስን መሸጥ ዕዳውን ለመክፈል ረድቷል።

ቤቶቹ እንዴት ተሠሩ?

ባለአደራው ከተረከባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ለመኖሪያ ከሚፈቀደው ደረጃ በታች ነበሩ። ሥራው በሁለት አቅጣጫ ተከናውኗል፦ ባለአደራው ነባሮቹን ቤቶች በመንግሥት ድጎማና በብድር ደረጃ በደረጃ ሲያድስ፣ ፋይን ሆምስ የተባለው የቤቶች ማኅበር ደግሞ አዳዲስ የኪራይ ቤቶችን ገንብቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቁጥሩ 163 ደርሷል።

ለዕድሳቱ ማስኬጃ ገቢ ያስፈለገው ባለአደራ ሦስት ያገለገሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ገዝቶ ኤሌክትሪክ ለዋናው መስመር መሸጥ ጀመረ። ይህም ሆኖ ዕድሳቱ ከገቢው በላይ በመፍጠኑ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የድርጅቱ ዕዳ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሆኑ ተዘግቧል። ቤቶቹ በተጨባጭ ተሻሽለዋል፤ ዕዳው ግን በተመረጠው ቦርድና በነዋሪዎች ጫንቃ ላይ አርፏል። ስለ ደሴቲቱ በሚነገረው የስኬት ታሪክ ውስጥ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሲዘለል ይስተዋላል።

ዋጋው እንዳይንር የሚጠብቅ ሕግ

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. የ2003 የንብረት ባለቤትነት ሁኔታዎች ሕግ የተሰየሙ የገጠር ቤቶች አካላት በሚሸጡት ይዞታ ላይ በቅድሚያ መልሶ የመግዛት መብት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ገዢው ቤቱን በሚሸጥበት ጊዜ በመጀመሪያ ለዚሁ አካል ማቅረብ ይኖርበታል። ይህ ግዴታ ባይኖር በድጎማ የተሠራ ቤት በአንድ ሽያጭ ብቻ የበጋ ማረፊያ ሊሆን ይችላል።

ከአገራችን ሁኔታ ጋር

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ እንደ ጊያ መሬት ገዝቶ መደራጀት አይቻልም። የጋራ ባለቤትነትና ውሳኔ ጥያቄ ግን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ለሚደራጁ የመኖሪያ ቤት ማኅበራትም ይነሳል፤ በእነዚህ ማኅበራት እያንዳንዱ አባል በመርህ ደረጃ ያለው ድምፅ አንድ ነው። አንድ አባል ቤቱን ለሌላ ሰው የሚያስተላልፈው እንዴት እንደሆነ፣ ለጥገና የሚቀመጠው ገንዘብ ከየት እንደሚሰበሰብ፣ ማኅበሩ ብድር የሚወስደውም በማን ውሳኔ እንደሆነ በመተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ መሥፈሩን ተገልጋዮች ከመፈረማቸው በፊት እንዲያረጋግጡ ይመከራል። ደንቡ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ዝም ካለ፣ ማሻሻያው ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ለጠቅላላ ጉባዔው ቢቀርብ ይመረጣል።