ስለ ጀሪካን፦ ርካሽ ዕቃና ውድ ሒሳቡ

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የጄኔራሎች ስም፣ የታንኮች ብዛትና የድል ዕለት ይቆጠራል። ታንኩን ያንቀሳቀሰው ነዳጅ በምን ተይዞ ከግንባር ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከጓዳችን የማይጠፋው ጀሪካን ስሙ ራሱ የዚያ የተዘነጋ ታሪክ ቅርስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኑን ሁሉ «ጄሪ» እያሉ ይጠሩት ነበር። «ካን» ደግሞ የቆርቆሮ ዕቃ ነው። እናቶቻችን ውኃ ለመቅዳት «ጀሪካን አቀብለኝ» ባሉ ቁጥር፣ ሳያውቁት የጀርመንን ጦር ቆርቆሮ እየጠሩ ነው።

ነዳጅ መያዝ ያለበት ሰው የብረቱን ይግዛ ወይስ የፕላስቲኩን? ጥያቄው ተራ የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ታሪኩን ላየ ግን፣ አንድ መንግሥት ለወታደሩም ሆነ ለዜጋው ምን ያህል እንደሚያስብ የሚለካበት ሚዛን ነው።

በሰሜን አፍሪካው የበረሃ ጦርነት መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ ጦር ቤንዚኑን የሚያጓጉዘው 4 ጋሎን (18 ሊትር ገደማ) በሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው ያወጡለት ስም «ልፍስፍስ» የሚል ትርጉም አለው። ለመሥራት ርካሽ ነው፤ አንዴ ካገለገለ በኋላ ይጣላል። ወታደሩ ለሁለት ቆርጦ፣ አሸዋ ሞልቶ፣ ቤንዚን አርከፍክፎበት ሻይ ያፈላበት ነበር፤ ለዚያስ ደኅና ምድጃ ወጥቶታል። ለነዳጅ ግን አልሆነም። በካሚዮን ላይ ተደራርቦ በሊቢያ ድንጋያማ በረሃ ሲንገጫገጭ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ቤንዚኑም በአሸዋው ላይ ይፈስሳል። በ1941 እና በ1942 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ክሎድ ኦኪንሌክ፣ ከመጋዘን ተነሥቶ ከተጠቃሚው እስኪደርስ ድረስ 30 በመቶ የሚሆነው ቤንዚን በዚህ ዕቃ ምክንያት ይባክን እንደነበረ ገምተዋል። በውቅያኖስ ላይ ስንት መርከበኛ ሕይወቱን ከፍሎ ያደረሰው ነዳጅ፣ በቆርቆሮ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ ሲባል አሸዋ ጠጣው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ጀርመኖች አስቀድመው አስበውበት ነበር። በ1936 እና በ1937 ገደማ በሽቬልም ከተማ የሚገኘው የሙለር ኩባንያ፣ ቪንሰንስ ግሩንፎገል በተባለ መሐንዲሱ ነዳፊነት 20 ሊትር የሚይዝ የብረት መያዣ አበጀ። ሁለት በመጭመቂያ የተቀረጹ የብረት ግማሾች በብየዳ ይጋጠማሉ። መጋጠሚያው ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ሲላተም አይጎዳም። በጎኑ ላይ የሚታየው የመስቀል ቅርጽ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ብረቱን ያጠነክራል፣ ነዳጁ በሙቀት ሲያብጥም ቦታ ይሰጠዋል። ሦስት እጀታ አለው፤ ሙሉውን ሁለት ሰው ተጋግዞ ይሸከመዋል፣ ባዶውን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ሁለት ይይዛል። ክዳኑ ያለ መፍቻ ይከፈታል፤ በአንገቱ ያለው የአየር ቱቦም ነዳጁ ሳይንቦጫረቅ እንዲወርድ ያደርጋል። ውስጡ ዝገት በሚከላከል ሽፋን የተለበጠ ነው። ከላይ የሚቀረው የአየር ክፍተት ደግሞ ሙሉው ጀሪካን ከውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ያስችለዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የቢሮክራሲ ታሪክ ነው። በ1939 ፖል ፕሌይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባው ጋር ከበርሊን ወደ ሕንድ በመኪና ተጓዘ። ጀርመናዊው ለመንገድ ውኃ መያዣ እንዲሆናቸው ከተምፐልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ጀሪካኖች ይዞ ነበር። አሠራሩንም ለፕሌይስ ዘርዝሮ ነገረው። ፕሌይስ አገሩ ተመልሶ ለጦር ባለሥልጣናት ቢያስረዳ ሰሚ አጣ። ናሙናው በ1940 ዋሽንግተን ቢደርስም፣ የአሜሪካ ባለሙያዎች መጠኑን፣ ቅርጹንና እጀታውን ወስደው ዋናውን ብልሃት ተዉት። ብየዳውን በታጠፈ መጋጠሚያ፣ ፈጣኑን ክዳን ደግሞ መፍቻ በሚፈልግ ክዳን ለወጡት። የበረሃው የእንግሊዝ ወታደር ግን የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም፤ ከጀርመን የማረከውን ጀሪካን እንደ ውድ ዕቃ ይዞ የራሱን ጦር ቆርቆሮ ጣለ። ዘግይቶም ቢሆን እንግሊዝ ጀርመኑን አስመስላ በብዛት ማምረት ጀመረች። እስከ ሜይ 1945 ድረስ በአውሮፓ ለተሰለፈው የአሜሪካ ጦር ብቻ ከ19 ሚሊዮን በላይ ጀሪካን አስፈልጓል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም በኖቬምበር 1944፣ ያለዚህ ዕቃ ጦራቸው ፈረንሳይን በዚያ ፍጥነት አቋርጦ መሄድ ባልቻለም ነበር ብለው መስክረዋል።

ፕላስቲኩ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1951 በአሜሪካ ሆጋንና ባንክስ፣ በ1953 በጀርመን ካርል ዚግለር ጠንካራውን ፖሊኤትሊን በቀላሉ ለማምረት የሚያስችለውን መንገድ አገኙ። ከዚህ የሚሠራው ጀሪካን አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ባዶው የብረት ጀሪካን 4 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ፕላስቲኩ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ነገር ግን የቤንዚን ተን በተራ ፕላስቲክ ግድግዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ሰርጎ ይወጣል። ፀሐይም ፕላስቲኩን እያደረቀች ታሰነጥቀዋለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አለማስተላለፉ ነው፤ ነዳጅ ሲቀዳ በመፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀምና በአንዲት ብልጭታ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አሜሪካ በ2007 ባወጣችው ደንብ፣ ከ2009 ጀምሮ የሚመረቱ የነዳጅ ጀሪካኖች የሚያስወጡት ተን በቀን ለአንድ ጋሎን ከ0.3 ግራም እንዳይበልጥ ያስገደደችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ብረቱም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ሽፋኑ ሲላጥ ይዝጋል፤ የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ያፈስሳል። በመኪና ላይ ባለ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተቀምጦ ከተሞላ እርሱም ብልጭታ ይፈጥራል። ስለዚህ ብረትም ሆነ ፕላስቲክ ከመሬት ላይ ተቀምጦ መሞላት አለበት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቢጫው ጀሪካን ከእስያ የዘንባባ ዘይት ይዞ መጣ፤ ዘይቱ ሲያልቅ የውኃ መቅጃ ሆነ። ከባዱን እንስራ ከሴቶቻችን ጀርባ ማውረዱ ሊመሰገን ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ይኸው የዘይት ዕቃ ቤንዚን ሲሞላበት ነው። ለቤንዚን አልተሠራም፤ ክዳኑም የቤንዚን ተን አያግድም። ማደያዎች በደረቁ ቁጥር ደግሞ ነዳጅ በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ሳይቀር ይቸረቸራል፤ የተጠማ ሕፃን ውኃና ነጭ ጋዝ እንዴት ይለይ?

የሹማምንቱ መልስ የታወቀ ነው፦ ነዳጅ በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው! ኮንትሮባንዱን ለመግታት መታሰቡን አልነቅፍም። ነገር ግን ገበሬው የመስኖ ሞተሩን፣ ባለ ወፍጮው ወፍጮውን ተሸክሞ ማደያ ሊሰለፍ አይችልም። ክልከላው ፈላጊውን አያጠፋውም፤ ከማደያው ወደ ጨለማው ገበያ፣ ከደኅናው ዕቃ ወደ ቢጫው ጀሪካን ይገፋዋል እንጂ። የሚሻለው ለነዳጅ ብቻ የሚውል፣ በቀለሙ ከውኃው የሚለይ፣ ደረጃው የተመረመረ ጀሪካን ወስኖ፣ ሞተር ያለውን ሰው መዝግቦ በእርሱ ብቻ እንዲቀዳ መፍቀድ ነው።

የዚህ ጸሐፊ ምርጫ ግልጽ ነው። በኮረኮንች መንገድ ለሚጓዝና ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ነዳጅ ብረቱ ይሻላል። ለጥቂት ቀን ለሚያገለግል ጥቂት ሊትር፣ ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ይበቃል። ቢጫው ለውኃ ይሁን። ርካሽነት ዋጋን አያጠፋም፤ ከፋዩን ብቻ ይለውጣል። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት የቆጠበውን በበረሃ ያለው ወታደር ከፈለ። እኛ በጀሪካን የቆጠብነውን ደግሞ ማን እንደሚከፍለው፣ ከመንደራችን አንዱ ጎጆ በእሳት ሳይበላ ብንነጋገርበት ይበጃል።

ቸር እንሰንብት።