ከማሳ ወደ ምድጃ

አባቴ በምንጃር የጤፍ መሬቱን አርሶ፣ ደግሞ፣ ሠልሶ፣ አንዳንድ ዓመት ለአምስተኛ ጊዜም ይመለስበት ነበር። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ጓል አይወድም፤ አረምም አይችልም። ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጠውም። ቢሆንም ሲመላለስበት በአፈሩ ውስጥ ታምቆ የቆየው ብስባሽ አየር ያገኛል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ካርቦኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።

ከበጋው ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ አፈሩ ሲሸት አባቴ ሞፈርና ቀንበሩን ያወርድ ነበር። በኬንያ፣ ሙጉጋ ይሠራ የነበረው በርች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ሰዓት የሚመለከት ነው፦ የደረቀ አፈር ሲርስ ተሕዋስያኑ በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ካርቦኑም ናይትሮጅኑም ይለቀቃል። ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በደረቅ አገር የእህል መሬት ከዓመቱ ጋዝ ቀላል የማይባለውን የሚተነፍሰው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል።

እኔን ግን ከእርሻው ይልቅ የሚያንገበግበኝ የኩበቱ ታሪክ ነው። አያቴ ልጅ ሳለች የሚነደው ግራር ነበር፤ እበቱ ማሳ ላይ ይቀር ነበር። ግራሩ ለማገዶና ለከሰል እያለቀ ሲሄድ እናቴ እበቱን ጠፍጥፋ ታደርቅ ጀመር። ገለባውን ከብቶቹ ይበሉታል፣ እበታቸውን እሳት ይበላዋል፤ ለአፈሩ የሚተርፈው ሥሩ ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን ማዳበሪያ በጆንያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ፣ ጭላሎ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ካዱ የተባለ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ለገበሬው በብድር ያከፋፍል ነበር፤ ዳፕና ዩሪያ ከዚያ ወዲህ የየቤቱ ቃል ሆኑ። ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብሉ ካልወሰደው ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። እበትም ማሳ ላይ ሲበሰብስ ይህንኑ ጋዝ ይለቃል፤ ነገር ግን ለአፈሩ ካርቦን ይመልስለታል፣ ዩሪያ አይመልስለትም።

አባቴ ከጤፍ በኋላ በመረሬው ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ ይዘራ ነበር። ሽምብራ ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚያገኝ ዩሪያ አይጠይቅም።

ኩበት በማንደዱ ገበሬውን አልወቅስም፤ ራቱን በምን ያብስለው? እናንተ በየቀበሌው የምትሠሩ ወጣት ባለሙያዎች፣ «ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት እባካችሁ ጓዳ ገብታችሁ ምድጃው ላይ የሚነደውን እዩ።